የገብስ ብር፣ የጤፍ ብር፣ የሽንኩርት ብር

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ስለ ተማሪ ብር ነው የማወራው። ስንት ነው የሚለውን እንተወው። መቼ ነው የሚመጣው የሚለው ይበልጣል።

ከገበሬ ቤት ወጥታችሁ ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይታችሁ የምትማሩ ከሆነ ወዲያው ይገባችኋል። ቤተሰቡ ደሞዝተኛ የሆነ ተማሪ ወር ሲገባ ይላክለታል። የእኛ ብር ግን ወር አይጠብቅም። የሚጠብቀው በልግን፣ መኸርንና በዓልን ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው እንዴት እንደምንኖር፣ እንዴት እንደምንዝናና፣ እንዴት እንደምንማር ሊገባው አይችልም።

እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ። ቤታችን ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ነው። ደጋ ነው፤ ገብስ፣ ባቄላና በግ። አብረውኝ የሚኖሩት ሁለት ሴቶች ናቸው። አንዷ ከምንጃር ናት፤ የጤፍና የሽምብራ አገር። አንዷ ደግሞ ከሸዋ ሮቢት አካባቢ፤ ማሾና ሽንኩርት። ሦስታችንም ሰሜን ሸዋ ነን፣ ሦስታችንም አካውንቲንግ ነው የምንማረው፣ የሦስታችንም ብር ግን በተለያየ ጊዜ ነው የሚመጣው።

ቤት ተከራይቶ መማር ለኛ ኮሌጅ የጀመረ ነገር አይደለም። እኔ ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ነው የተከራየሁት። ሁለተኛ ደረጃው ያለው ከተማ ነው፣ ቤታችን ሩቅ ነው፣ ስለዚህ ከሰፈር ልጆች ጋር አንዲት ክፍል እንይዛለን። ዓርብ ከትምህርት በኋላ በእግር ወደ ቤት፣ እሑድ ስንቅ ተሸክሞ መመለስ። በማዳበሪያ ከረጢት በሶ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ ቆሎ። ከላይ እንጀራ በጨርቅ ተጠቅልሎ። ሐሙስ ላይ እንጀራው ያልቃል። ዓርብ ኪሳችን ውስጥ ቆሎ ይዘን ነው ክፍል የምንገባው። ዓርብ ከሰዓት የሚያስተምሩን አንድ መምህር ነበሩ፤ ሁላችንም ልባችን መንገዱ ላይ እንደሆነ ያውቃሉ። ከባዱን ነገር ለሰኞ ያቆዩልናል። ለዛ መምህር እስከ ዛሬ ትልቅ ክብር አለኝ።

የ12ኛ ክፍል ፈተና በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ነው የወሰድነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተን። ውጤቱን ታስታውሳላችሁ። በመላ አገሪቱ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ብዙ ልጅ በዛው ቀረ። እኔ ኮሌጅ መጣሁ፣ በመምጣቴም ደስተኛ ነኝ።

እሺ፣ ወደ ብሩ ልመለስ።

አባቴ በግ የሚሸጠው በዓል ሲቀርብ ነው። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካ ነጋዴው ወደ አዲስ አበባ ስለሚጭን ዋጋው ያኔ ይሻላል። አባቴ ገበያ ውሎ ብሩን ከተማ ላለ ባለሱቅ ይሰጠዋል፤ ባለሱቁ በቴሌብር ይልክልኛል። ስለዚህ የኔ ብር የሚመጣው በዓሉ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ያን ሰሞን ክፍላችን ውስጥ ባለፀጋዋ እኔ ነኝ። የኪራዩን ከፍሎ፣ ዘይት ገዝቶ፣ ለሃንድአውት ኮፒ አውጥቶ የሚተርፍ ብር አለኝ።

ሁዳዴ ሲገባ ግን ታሪኩ ይቀየራል። በግ የሚገዛ የለም። ያ ብቻ አይደለም፤ የካቲት ላይ የበልግ ዘር አለ። ከጎተራ የቀረው ገብስ ለዘር ነው የሚወጣው። እናቴ በሶ እንኳን ስትልክ አስባ ነው። የበልግ ዝናብ ከዘገየ ደግሞ ስልክ ስደውል አባቴ ድምፁ ይለያል። ያኔ ብር ላክልኝ ማለት አልችልም። እሱም አይጠይቀኝም፣ እኔም አልጠይቀውም።

በዛን ጊዜ ክፍሉን የምትሸከመው የምንጃሯ ናት። የእነሱ ጤፍ ታኅሣሥ ላይ ተወቅቶ ይገባል፤ ከጥር ጀምሮ ጥቂት ጥቂት እያሉ ይሸጣሉ። አባቷ ቸኩለው የሚሸጡ ሰው አይደሉም። ዋጋው እስኪሻሻል የሚያስቀምጡት አለ። ስለዚህ የሷ ብር ብዙ አይደለም ግን አይቋረጥም። በዛ ላይ ሁዳዴ ነው፤ ሽሮ በልተን ነው የምንውለው፤ የሽሮው ሽምብራም ከነሱ ቤት ነው።

የሮቢቷ ሌላ ናት። ማሾው ቶሎ ይደርሳል፤ ክረምት ተዘርቶ ጥቅምት ላይ ብሩ ይመጣል። ሽንኩርቱ ግን በመስኖ ነው፣ በበጋም ይመረታል፣ ዋጋው ደግሞ አይታመንም። አንዳንዴ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ የወጣበትን አይመልስም። አንዳንዴ ደግሞ ከተማው ሁሉ ሽንኩርት ተወደደ ብሎ ሲያማርር እኛ ክፍል ደስታ ነው። እውነቴን ነው። ሽንኩርት የገበሬ ልጅ የሚያስተምር መሆኑን ከተሜው ቢያውቅ ብዬ እመኛለሁ።

ታዲያ እንዴት እናደርጋለን? አንድ ደብተር አለን። ብር የገባላት ትጽፋለች፣ የወጣው ይጻፋል። ዕዳ ብለን አንጽፍም። መጋቢት ላይ ለኔ የተከፈለውን ኪራይ መስከረም ላይ ስመልስ "ይኸው ዕዳሽ" የሚል የለም፤ የሚቀጥለውን ኪራይ እኔ እከፍላለሁ፣ በቃ። አካውንቲንግ ክፍል መምህራችን ድርጅት ትርፍ እያለው በእጁ ጥሬ ገንዘብ በማጣት ሊዘጋ ይችላል ሲሉ፣ ሦስታችንም ተያየን። ገበሬ እንዲሁ ነው። ንብረት አለው፣ በእጁ ብር የለውም። ልጁ ትምህርት የምታቋርጠው አባቷ ድሀ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ኪራይ የሚከፈልበት ወርና ብር የሚገባበት ወር ስለማይገጥሙም ነው። የደጋ ልጆች ብቻ አንድ ክፍል ሲሰበሰቡ አይቻለሁ፤ ሁሉም በአንድ ወር ያጣሉ። ስለዚህ ቤት ስትፈልጉ ከቆላ ከመጣ ልጅ ጋር ተከራዩ። ይህን ከልቤ ነው የምመክረው።

አከራያችን እትዬም የገበሬ ልጅ ናቸው። ኪራዩ ሲዘገይ "በጉ አልተሸጠም እንዴ?" ነው የሚሉት። ማታ ማታ ቃና ላይ የቱርክ ድራማ ሲያዩ እኛንም ይጠሩናል። ቡና ይፈላል፤ እኛ ቆሎ እናመጣለን።

አሁን ስለ መዝናናት አንድ ነገር ልናገር፣ ምክንያቱም ይከነክነኛል። ተማሪ ኢንተርኔት ጥቅል ሲገዛ፣ ቅዳሜ ጓደኛውን ሻይ ሲጋብዝ "የአባቱን ብር ይበትናል" ይባላል። እኛ ደብተር ላይ መዝናኛ የሚል መስመር አለ። ከኪራይና ከምግብ በኋላ፣ ከልብስ በፊት ነው ያለው። ደብረ ብርሃንን ታውቋታላችሁ፤ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ውርጩ ሣሩን ያነጣዋል። ማታ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ የሚወጣ የለም። ከቤት ያመጣሁትን ባና ደርበን፣ በአንድ ስልክ ከኮሌጅ ዋይፋይ ያወረድነውን ተከታታይ ፊልም እናያለን። ሳቃችን ግድግዳ ያልፋል። በማግሥቱ ደብተሩ ላይ ማን ምን አወጣ ብለን ስንነጋገር ቂም የለም። ሳይሳቅ የሚኖርበት ክፍል ውስጥ ያ ደብተር አንድ ሴሚስተር አይቆይም ነበር። ስለዚህ ለመዝናኛ የምናወጣው ብር የባከነ አይደለም።

ትልቁ መዝናኛችን ደግሞ ፋሲካን ሸዋ ሮቢት መዋል ነበር። 100 ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ ነው፣ ግን ሌላ አገር ነው። ጣርማ በር ላይ ጉም ነው፤ ዋሻውን አልፋችሁ ቁልቁል ስትወርዱ ጆሯችሁ ይደፈናል። ደብረ ሲና ቆሎ ሻጮቹ በመስኮት ይመጣሉ፤ እዛ ጋ ሹራቤን አወለቅሁ። ሮቢት ስንደርስ ሙቀቱ ፊት ይመታል። በበዓሉ ማግሥት የጓደኛዬ እናት ሽንኩርት ማሳ ውስጥ አብሬ ገብቼ ነቀልኩ። ወገቤ ሊቆረጥ ደረሰ። እትብቴ ያልተቀበረበት ማሳ ለኔ ኪራይ እንደከፈለልኝ ያኔ ነው በደንብ የገባኝ። ለእናቲቱ ከመንዝ ቅቤ ይዤላቸው ነበር፤ ሲመርቁኝ እንባዬ መጣ።

መንገድ የተዘጋባቸው ሰሞኖችም ነበሩ። ስንቅ አይመጣም፣ መናኸሪያ ሄዶ ረዳት መጠበቅ የለም። ኔትወርክ ሲጠፋ ቴሌብሩም የለም። ያኔ ያዳነን ሰፈር ያለው ሱቅ በዱቤ የሰጠን ፓስታና የእትዬ ምጣድ ነው። ብዙ ማለት አልፈልግም፤ ያለፋችሁበት ታውቁታላችሁ።

እንግዲህ ከናንተ የምፈልገው ይህ ነው። የእናንተ ባዶ ወር የትኛው ነው? ማን ያሻግራችኋል? በተለይ ከእንሳሮ፣ ከመርሃ ቤቴና ከአጣዬ በኩል የመጣችሁ በቴሌግራም ድምፅ ላኩልኝ። የሚቀጥለው ክፍል ላይ አሰማዋለሁ። ፈተና ያላችሁ በርቱ፣ ቻው።