ከመሬት በታች ምን ከምን ይቀላቀላል?

የከርሰ ምድር ፈሳሾች ፍሰት ባለሙያው ከአዲስ አበባ ዙሪያ ለደወሉ አድማጮች የሰጡት መልስ

ከሱሉልታ፦ ድፍድፍ ነዳጅ ከመሬት በታች እንደ ሐይቅ ተንጣሎ ነው የሚገኘው?

አይደለም። እርጥብ አሸዋ ውሃ እንደሚይዝ፣ አለቱም ዘይቱን በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ይዞት ነው።

ከለገጣፎ፦ ዘይቱ እንዲወጣ ጋዝ በግፊት ወደ አለቱ ይገባል ሲባል ሰምቻለሁ። ከዘይቱ ጋር ለመቀላቀል ስንት ጊዜ ይፈጅበታል?

ገፊ ሳይኖረው በራሱ ብቻ ቢሰራጭ እጅግ ረጅም ጊዜ ይፈጃል። ይህን ዲፊውዥን እንለዋለን። በፈሳሽ ውስጥ 10 ሳንቲ ሜትር ለመሻገር 4 ወር ገደማ፣ 1 ሜትር ለመሻገር 30 ዓመት ገደማ፣ 100 ሜትር ለመሻገር ደግሞ 300,000 ዓመት ገደማ ይወስዳል። ርቀቱ 10 እጥፍ ሲሆን ጊዜው 100 እጥፍ ነው። ይቺን ሒሳብ ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ። አለት ውስጥ መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ ከዚህም ይዘገያል። አለቱ የተሰነጣጠቀ ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል፦ ጋዙ በስንጥቁ ሮጦ ይደርስና ወደ ድንጋዩ ጎን ጥቂት ሳንቲ ሜትር መስረግ ብቻ ይቀረዋል። ስንጥቁን አትርሱ።

ከቱሉ ዲምቱ የደወለች የማስተርስ ተማሪ፦ በሲሙሌተር፣ ማለትም የከርሰ ምድሩን ፍሰት በሚያስላ የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ጋዝ ወደ ዘይት እያስገባሁ ነው። አለቱን በሴሎች የሚከፋፍለውን መረብ፣ የግሪዱን መጠን በቀየርኩ ቁጥር ጋዙ አምራቹ ጉድጓድ የሚደርስበት ቀን ይለዋወጣል። የዲፊውዥን ቁጥሩን ላስተካክለው?

ልጄ፣ ቁጥሩን አትንኪው። የምታዪውን መቀላቀል ያመጣው ግሪድሽ ነው። ሲሙሌተሩ ወደ አንድ ሴል፣ ማለትም ወደ አንዱ የግሪዱ ክፍል፣ የገባውን ጋዝ ወዲያው በሴሉ ሙሉ ያዳርሰዋል። በተለመደው የአንደኛ ደረጃ ስሌት ይህ የውሸት ስርጭት በግምት የፍሰቱ ፍጥነት በሴሉ ርዝመት ተባዝቶ ለ2 ሲካፈል ነው። ሴልሽ 30 ሜትር፣ ፍሰቱ በቀን 0.3 ሜትር ቢሆን በቀን 4.5 ካሬ ሜትር ይመጣል። እውነተኛው የፈሳሽ ዲፊውዥን በቀን 0.0001 ካሬ ሜትር ቢደርስ ነው። ግሪዱ ከ40,000 እጥፍ በላይ በልጦ ውጦታል ማለት ነው።

ሴሉን ከ30 ወደ 15፣ ከዚያ ወደ 7.5 ሜትር አውርጂው፤ ቀኑ ካልረጋ መልሱ ገና የግሪዱ ነው። ሲሙሌተሩ ከአንዱ ስሌት ወደ ቀጣዩ የሚዘልለውን የጊዜ እርምጃም አሳጥሪ፤ ኢምፕሊሲት በሚባለው የስሌት ዘዴ ረጅም እርምጃ የውሸቱን ስርጭት ይጨምራል። ከሁሉ በፊት ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ቀላል ሞዴል ሠርተሽ ለእንዲህ ያለው ፍሰት ትክክለኛውን መልስ በሒሳብ ከሚሰጠው ከኦጋታና ባንክስ ቀመር (እ.ኤ.አ. 1961) ጋር አስተያዪው። አለትሽ የተሰነጣጠቀ ከሆነ ስንጥቁንና ድንጋዩን ለየብቻ አስገቢ።

ከገላን የደወሉ እናት፦ የእጅ ጉድጓዳችን ከጋራዥ አጠገብ ነው፤ ውሃው ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ሁለት ቀን ስንቀዳው ይጠፋና በሳምንቱ ይመለሳል። ውሃ አጋር ጨምረን፣ አፍልተን እንጠጣለን። ቅዳሜ ልጄ ሻማ አውርዶ አየሩን ካየ በኋላ የውሃ ሞተር ይዞ ገብቶ ሊጠርገው ነው።

እናቴ፣ ቅዳሜ ማንም አይገባም። ዛሬውኑ ክዳኑን ይቆልፉት። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወርዶ ጉድጓዱ ሥር ይተኛል። ከአየሩ ከ1.4 እስከ 7.6 በመቶ የሚሆነውን ከያዘ እሳት ሲነካው ይፈነዳል፤ ያ ሻማ ክብሪት ሆኖ ነው የሚወርደው። ሻማው ምንም ባያመጣ ሞተሩ አለ፦ ጠረን የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ጠባቡን ጉድጓድ በደቂቃዎች ይሞላዋል። አንዱ ሲወድቅ ወንድሙ ሊያወጣው ይገባል፣ እሱም እዚያው ይቀራል። የምትሰሙኝ ሁሉ፣ እባካችሁ፦ ሰው ወድቆ ብታዩ እንኳ ያለ መተንፈሻ መሣሪያ ተከትላችሁ አትውረዱ፤ የእሳትና አደጋ ሠራተኞችን ጥሩ።

ወደ ውሃው ልምጣ። ውሃ አጋር ጀርም ይገድላል እንጂ ነዳጅ አያወጣም። ማፍላት ትነቱን ማዕድ ቤትዎ ውስጥ ይለቅቀዋል። «ዘይትና ውሃ አይቀላቀልም፣ ከላይ እገፈዋለሁ» የሚሉም አሉ፤ ቤንዚን ውስጥ ያለው ቤንዝን የተባለ ካንሰር አምጪ ኬሚካል ግን ውሃ ውስጥ ይሟሟል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 0.01 ሚሊ ግራም ነው፤ 1 ግራም ቤንዝን 100,000 ሊትር ውሃ እዚህ ወሰን ላይ ያደርሳል። አፍንጫ ደግሞ ከወሰኑ በብዙ እጥፍ ካላለፈ አይለየውም። ስለዚህ ጠረኑ ጠፋ ማለት ውሃው ዳነ ማለት አይደለም።

ጠረኑ የሚመለሰውም በዚያችው ሒሳብ ነው። ነዳጁ በድንጋዩ ስንጥቅ ገብቶ ለዓመታት ወደ ድንጋዩ ሆድ ሰርጓል። ሲቀዱ ስንጥቁ ይታጠባል፤ ድንጋዩ ግን የዋጠውን ቀስ እያለ መልሶ ይተፋል። በዓመታት የገባ በሁለት ቀን አይወጣም። ለመጠጥም፣ ለማብሰልም፣ ለገላም አይጠቀሙበት። ለአካባቢ ጥበቃና ለውሃ ጽሕፈት ቤት ያመልክቱ፤ ናሙናውን የሚወስደው ባለሙያ ይሁን።

ከቡራዩ፦ ከመጸዳጃ ቤት ጉድጓድ ስንት ሜትር ርቄ ውሃ ላስቆፍር?

ቢያንስ 30 ሜትር፣ ያውም ከመጸዳጃው ከፍ ብሎ። በተሰነጣጠቀ ባዛልት ወይም በቀይ አመድ ላይ ግን 30 ሜትርም ዋስትና አይሆንም፤ ቆሻሻው በስንጥቁ ይሮጣል። ከመቆፈርዎ በፊት የከርሰ ምድር ውሃ ባለሙያ (ሃይድሮጂኦሎጂስት) ያማክሩ።

ከአቃቂ የደወለ መካኒክ፦ የተቃጠለ ዘይት የት ልድፋው?

የትም አትድፋው፣ ወንድሜ። ክዳን ባለው በርሜል አጠራቅመህ ለሚሰበስቡት አስረክብ። በርሜሉ ኮንክሪት ላይ ይቁም፤ የፈሰሰውን ሰጋቱራ አልብሰህ ጥረገው፣ ውሃ አትልቀቅበት።