ለሁለት የተቀደደው መጽሐፍ

የተከበራችሁ እንግዶች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የ2015 የ12ኛ ክፍል ውጤት የወጣ ሰሞን እዚሁ አራት ኪሎ አንድ ካፌ ተቀምጬ ነበር። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ 3.2 በመቶ ብቻ ነው። 1,328 ትምህርት ቤቶች ደግሞ አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አጠገቤ የነበረ ሰው «ምን ሲያስተምሩ ከረሙ?» ብሎ ሳቀ። ማኪያቶው አልወረደልኝም። ስድስት ዓመት ያስተማርኩት እንደዚያ ያለ የገጠር ትምህርት ቤት ነው።

ምን ስናስተምር እንደከረምን ልንገራችሁ። 9ኛ ክፍል ፊዚክስ፣ አንድ መጽሐፍ ለአራት ተማሪ ነበር። ቤት የሚወስዱት በተራ ነው። አንድ ቀን ሁለት ልጆች መጽሐፉን ከመሃሉ ቀደው፣ ግማሽ ግማሹን በጥቁር ክር ሰፍተው መጡ። ልቆጣ ስል አንዷ ቀደመችኝ፤ «ቲቸር፣ የእሷ ቤት ከወንዙ ማዶ ነው። ሲሞላ መቀያየር አንችልም።» ቁጣዬን ዋጥ አደረግኩ።

ማክሰኞ ገበያ ነው፤ ክፍሉ ግማሽ ይሆናል። ኅዳር ላይ አጨዳ አለ። እኛም ንጹሕ አይደለንም። ደሞዝ ሲገባ ባንክ ያለበት ከተማ እንሄድና ሁለት ቀን በዚያው እንቀልጣለን። እኔም ቀልጫለሁ። የኬሚስትሪው መምህር ሲለቅ ትምህርቱ ለእኔ ተሰጠ። ልጆቹን የምቀድማቸው በአንድ ሌሊት ንባብ ነበር።

ትንሽ ትምህርት ቤት ግን ጸጋም አለው። ማን ቁርስ ሳይበላ እንደመጣ ፊቱን አይቼ አውቅ ነበር። ማወቄ ምን ፈየደ? አዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ውስጥ ምገባ አለ። እኛ ጋ አልነበረም።

ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መሰጠቱን እደግፋለሁ። ከዚያ በፊት በኩረጃ ራሳችንን ስናታልል ነበር። በ2017 ደግሞ ያለፈው 8.4 በመቶ ደርሷል። ይሁን፣ ጥሩ ነው።

አሁን ወደ መጣሁበት ጉዳይ። ሥርዓተ ትምህርቱ ከተቀየረ ወዲህ «መጽሐፉን በስልክ አውርዱ» ይባላል። እዚያ መንደር ስልክ ቻርጅ ለማድረግ ገበያ ድረስ ይኬዳል፤ እሱም በብር። ስለዚህ እባካችሁ፣ ቤታችሁ የተቀመጠውን አሮጌ መጽሐፍ አታምጡልኝ። አይሠራም። ከዚህ አዳራሽ ወጣ ስትሉ ኮፒ ቤት ሞልቷል። እያንዳንዳችሁ የአንድ ትምህርት መጽሐፍ ያዙና አሥር አሥር ኮፒ አስጠርዙ። የ9ኛ ክፍል ፊዚክስን እኔ ይዣለሁ።

ሒሳብን ማን ይወስዳል?