ሳሙናው ሥዕሉ ውስጥ ሲገባ

እንደምን አመሻችሁ፣ ሰዓሊያንና ዲዛይነሮች!

ዛሬ የምወስዳችሁ ወደ ለንደን ነው፤ ንግሥት ቪክቶሪያ ወደ መጨረሻዋ ወደነበረችበት ዘመን። ያኔ አጥሩም፣ የባቡር ጣቢያውም በማስታወቂያ ተለብጧል። አብዛኛው ፊደል በፊደል ላይ የተደራረበበት ነው። ስም ያለው ሰዓሊ እዚህ ውስጥ ከገባ «ተዋረደ» ይባላል።

በ1886 (ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆቹ ነው) ዝነኛው ሰዓሊ ጆን ኤቨረት ሚሌይ የልጅ ልጁን ዊሊን ሳለው። ሕፃኑ ባለ ብዙ እጥፍ ነጭ ኮሌታ አድርጎ፣ አንጋጦ የሳሙና አረፋ ያያል። በአንድ ጎኑ ማሰሮ ውስጥ የበቀለች ተክል አለች፤ በሌላው የተሰበረ ማሰሮ ወድቋል። ነገሩ ስለ ሕይወት አላፊነት ነው እንጂ ስለ መታጠብ አይደለም።

ሥዕሉን መጀመሪያ የገዛው የአንድ ሥዕላዊ ጋዜጣ ባለቤት ነበር። የፒርስ ሳሙና ኩባንያ ኃላፊው ቶማስ ባራት ከእሱ ላይ በ2,200 ፓውንድ ወሰደው። ከዚያ ምን አደረገ? ሕፃኑ እግር ሥር አንድ ሳሙና አስጨምሮ ማስታወቂያ አደረገው! ሚሌይ ተቆጣ። ግን ምን ያድርግ፤ የቅጂ መብቱ ከሥዕሉ ጋር አብሮ ሄዷል። ውል ሳታነቡ የምትፈርሙ፣ ሰማችሁ? ዊሊም አድጎ የባሕር ኃይል አድሚራል ሆነ፤ «አረፋ» የሚለው ቅጽል ስም ግን እስከ እርጅናው ተከተለው።

ብዙ ሰው ከዚህ ታሪክ የሚያነሳው የሚሌይን መዋረድ ነው። ለእኔ ውርደቱ አይታየኝም። የሚታየኝ ያ ሥዕል እንደ ፖስተር ደካማ መሆኑ ነው። ሳሎን ውስጥ ተጠግተው እንዲያዩት የተሠራ ነው። ሳሙና ስለጨመሩበት የመንገድ ፖስተር አይሆንም።

መንገዱ የገባቸው ሁለት ወጣቶች ነበሩ። ጄምስ ፕራይድና የእህቱ ባል ዊልያም ኒኮልሰን በ1894 «ቤጋርስታፍ» በሚል ስም ፖስተር መሥራት ጀመሩ። ስሙን ያገኙት በረት ውስጥ ከነበረ የመኖ ጆንያ ላይ ነው። ሁለቱም የራሳቸውን ስም ለሥዕል ያስቀመጡት ይመስላል፤ ብልጦች!

አሠራራቸው ግን ደፋር ነበር። ወረቀት ቆርጠው ይለጥፋሉ። ጥላ የለ፣ ዝርዝር የለ። አንዳንዱን መስመር ሆን ብለው ይተዉታል፤ የጎደለውን የአላፊ አግዳሚው ዓይን ይሞላዋል። ለሼክስፒር ተውኔት ለ«ሃምሌት» የሠሩት ፖስተር ቡናማ ወረቀት ላይ በጥቁር ቀለም የቆመ አንድ ሰው ነው። በቃ። ዛሬ «ሎጎው ይተለቅ፣ ባዶው ቦታ ይሞላ» የሚል ደንበኛ ይህን ቢያይ ራሱን ይይዝ ነበር።

የያኔዎቹም ደንበኞች ብዙ አልተሻሉም። በ1895 ለለንደኑ ሊሲየም ቲያትር ቤት ዶን ኪኾቴን፣ የስፔኑን ልብ ወለድ ፈረሰኛ፣ ሠሩ፤ ከነፈረሱ፣ ከነንፋስ ወፍጮው። ግድግዳ ላይ ሳይወጣ ቀረ። ለካካዎ አምራቹ ራውንትሪ የሠሩት ታተመ፤ ሥራ ግን አልጎረፈላቸውም። አሥር ዓመት ሳይሞላቸው ተበተኑ። ባለሙያው አድንቋቸዋል፤ አድናቆት ግን የቤት ኪራይ አይከፍልም።

የሚሌይን ሕፃንና የቤጋርስታፎችን ዶን ኪኾቴ ስክሪኑ ላይ ጎን ለጎን አድርጌላችኋለሁ። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ያላችሁ፣ እስቲ እናንተ ጀምሩ፦ ከዚያ ሆናችሁ የትኛው ይነበባችኋል?