ድሪቶ ለመስፋት አሜሪካ ድረስ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬም ብቻዬን ነኝ። የምቀዳው ከስፌት ክፍሌ ነው። ክፍል ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሜሪላንድ ያለችው አፓርታማዬ ውስጥ፣ በመኝታ ቤቱና በልብስ ማጠቢያው መሃል ያለች ጥግ ናት። ለፖድካስት ግን ትመቻለች። ጨርቁ ድምፅ ይውጣል፤ ማሚቶ የሚባል ነገር የለም።

ትናንት ማታ ከኩዊልቴ ሦስት ረድፍ ተረተርኩ። በሁለት ሰዓት የሰፋሁትን ለመተርተር ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ። ስለዚህ ዛሬ የማወራው ተናድጄ ነው፤ ቻሉኝ።

ለአዲስ አድማጮች፣ ኩዊልት ማለት ቁርጥራጭ ጨርቅ እየተቀጣጠለ የሚሠራ የአልጋ ልብስ ነው። ከላይ ቅጥልጥሉ፣ መሃል ስስ የጥጥ ንጣፍ፣ ከሥር ገበር። ሦስቱ ተደራርበው አንድ ላይ ይሰፋሉ። በቃ ይኸው ነው። መጀመሪያ አካባቢ ለእናቴ በስልክ ሳስረዳት ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «እና ድሪቶ ለመስፋት ነው እንዴ አሜሪካ ድረስ የሄድሽው?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ድሪቶ ነው። እኛ ቃሉን ለችግር ብቻ ስለሰጠነው ነው የሚያሳፍረን። አላባማ ውስጥ በሦስት በኩል ወንዝ የዞራት ጂስ ቤንድ የምትባል መንደር አለች። በባርነት የኖሩ ሰዎች ዘሮች ናቸው የሚኖሩባት። ሴቶቹ ካረጀ የሥራ ሱሪና ሸሚዝ ነበር የሚሰፉት፤ የማዳበሪያ ጆንያ እንኳ ገበር ይሆን ነበር። ብርድ ነዋ፤ ቤቱ ንፋስ ያስገባል። ያ ድሪቶ በ2002 ሂውስተን ሙዚየም ተሰቀለ፣ ከዚያ ኒው ዮርክ ሄደ፣ በ2006 ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ ቴምብር ላይ ወጣ። ከነሱ መሃል እኔን የያዘችኝ ሚዙሪ ፔትዌይ ናት። በ1942 ባሏ ሲሞትባት የሥራ ልብሶቹን ቀድዳ ኩዊልት ሰፋችበት። ፎቶውን አይቼዋለሁ። የሱሪው ጉልበት ያለቀበት ቦታ ቀለሙ ለቆ ይታያል።

እናቴም ድሪቶ እያለች ስትስቅብኝ ከርማ፣ አባቴ ባለፈው ዓመት ካረፈ በኋላ ስድስት ሸሚዙን በሰው እጅ ላከችልኝ። ከበርበሬው ሥር አድርጋ። ምንም አላለችም። «በርበሬው ደረሰሽ?» ብቻ። እኔም ደረሰኝ አልኳት። ሸሚዞቹን ሦስት ጊዜ ነው ያጠብኳቸው፤ አሁንም ካውያ ሲነካቸው ያስነጥሱኛል።

ትናንት የተረተርኩት ከነሱ የምሰፋውን ኩዊልት ነው። ምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ኩዊልት ሲቀጣጠል ስፌቱ ከጨርቁ ጠርዝ ሩብ ኢንች ገባ ይላል። 6 ሚሊ ሜትር ከምናምን። እዚህ ማስመሪያውም ሁሉም በኢንች ስለሆነ ሳልወድ ተለማምጄዋለሁ። የእኔ ረድፍ 16 ካሬ አለው፣ 15 መጋጠሚያ ማለት ነው። አንዱ መጋጠሚያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር አልፋችሁ ብትሰፉ ከግራውም ከቀኙም ስለሚበላ 2 ሚሊ ሜትር ይጠፋል። በ15 አባዙት። ረድፉ 3 ሳንቲ ሜትር አጠረ። በሌላ ቀን በትክክል ከተሰፋው ረድፍ ጋር ስታጋጥሙት አልደርስም ይላችኋል። እኔማ ጎትቼ አደርሰዋለሁ ብዬ ጎተትኩት። ተጨማደደ። እንደ አኮርዲዮን ሆነ።

ጥፋቱ የኔ ነው። ባለፈው ሳምንት የልጄን ሱሪ ሳሳጥር የስፌት መኪናዬን መርፌ ወደ ግራ ገፋ አድርጌያት፣ ሳልመልሳት ረሳኋት። መርፌዋ ወደ ግራ ከሄደች ከጠርዙ ትርቃለች፤ ስፌቱ ብዙ ይበላል። በዓይን አይታወቅም።

ስለዚህ መኪናዋ ጋ በተቀመጣችሁ ቁጥር ይህን አድርጉ። ስፋታቸው አንድ ኢንች ተኩል የሆኑ ሦስት ቁራጭ ጨርቆች ጎን ለጎን ስፉና ተኩሱ። የመሃሉ በማስመሪያ ሲለካ ልክ አንድ ኢንች መሆን አለበት። ጠቅላላው ሦስት ኢንች ተኩል። የመሃሉ ጠቦ ከተገኘ ስፌታችሁ ብዙ እየበላ ነው። ብዙ ሰው ሩብ ኢንቹን በትክክል ሰፍቶም ይጠብበታል። ጨርቁ ሲታጠፍ እጥፋቱ ራሱ ትንሽ ይወስዳል፤ ስለዚህ ከሩብ ኢንች በአንድ ክር ያህል ማሳነስ ነው። ልኩን ስታገኙ መኪናዋ ላይ፣ ጨርቁን ከሚጫነው እግሯ በስተቀኝ፣ ፕላስተር ደራርባችሁ ለጥፉ። ጨርቁ ያንን እየታከከ ይሄዳል። ዓይናችሁን ከመርፌዋ አንሱና ፕላስተሩ ላይ አድርጉ። እኔ ይህቺን ለመልመድ አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ መርፌዋ ትስባለች።

ካውያ ሌላው ነው። እኛ ያደግነው ሸሚዝ ላይ ካውያ እየነዳን ነው። ኩዊልት ላይ ካውያ አይነዳም። ታስቀምጣላችሁ፣ ታነሳላችሁ፣ ቀጥሎ ታስቀምጣላችሁ። ከነዳችሁት ካሬው ይለጠጥና ትራፔዚየም ይሆናል። መጀመሪያ ስፌቱን እንደተዘጋ ተኩሱት፤ ክሩ ጨርቁ ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያ ክፈቱትና ከስፌቱ ውጪ የቀረውን ትርፍ ወደ አንድ ጎን አስተኙት። የመጀመሪያው ረድፍ ትርፍ ወደ ቀኝ፣ የሁለተኛው ወደ ግራ። ለምን? ሁለቱን ረድፍ ፊት ለፊት ስታደርጓቸው ትርፎቹ ይቆላለፋሉ። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ይዛችሁ ትንሽ ወዲህ ወዲያ አድርጉት። ገባ ሲል ይሰማችኋል። ክፍተት የለም፣ ጉብታም የለም። እዚያ ላይ አንድ ስፒል ትሰኩና ትሰፋላችሁ። ማዕዘኖቹ ሲከፈቱ መስቀል ይሠራሉ። እዚህ ሥራ ውስጥ እንደዚህች ቅጽበት የምወደው ነገር የለም።

አሁን ነጠላ። ብዙዎቻችሁ የጻፋችሁልኝ ስለ ነጠላ ነው፤ «የእናቴ ነጠላ አርጅቷል፣ ኩዊልት ይሆናል ወይ?» ይሆናል። ግን ተጠንቀቁ። የመጀመሪያ ኩዊልቴን ያበላሸብኝ ቀይ ጥለት ነው። ከነጭ ጨርቅ ጋር አጋጥሜ፣ ሰፍቼ፣ ጨርሼ፣ አጠብኩት። ሮዝ ሆኖ ወጣ። ለወንድ ልጅ የተሰፋ ቢሆንም እናትየው «ያምራል» ብላ ተቀበለችኝ፤ ተኝቶበት ግን አላየሁም። ከመቁረጣችሁ በፊት ጥለቱን ነጭ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ በሙቅ ውኃና በሳሙና ዘፍዝፉት፣ አንድ ነጭ ብጣሽ አብራችሁ ጨምሩ። ብጣሹ እስኪጠራ ደጋግሙ። ከተሰፋ በኋላ ከለቀቀባችሁ ደግሞ ማድረቂያ ውስጥ እንዳትከቱት። እርጥቡን እንዳለ በብዙ ሙቅ ውኃ መልሳችሁ ዘፍዝፉት።

ነጠላው ራሱ ደግሞ ሳሳ ያለ ነው፣ ክሩ ይሸሻል። በሩብ ኢንች ስፌት አይቆምም። ጀርባው ላይ በካውያ የሚለጠፍ ስስ ገበር ለጥፉበት፣ ከዚያ ቁረጡ። ስፌቱንም ግማሽ ኢንች አድርጉት። ጋቢ ግን አትቁረጡ። ጋቢ በራሱ ያለቀ ነገር ነው፤ በዚህ አልደራደርም።

ዕቃ በተመለከተ፣ ሱቅ ሄዳችሁ የሚሸጥላችሁን ሁሉ አትሰብስቡ። ያለሱ አልሠራም የምለው ፒዛ መቁረጫ የመሰለው ተሽከርካሪ ምላጭ ነው። ኦልፋ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ በ1979 ነው ያወጣው። ከዚያ በፊት ሰው ሁሉንም በመቀስ ነበር የሚቆርጠው፤ ሳስበው ጣቴን ያመኛል። ከሱ ጋር ከሥር የሚነጠፈው የመቁረጫ ሰሌዳና ረጅም ማስመሪያው ይበቃሉ። ምላጩን ባስቀመጣችሁ ቁጥር ክደኑት። መንገድ ላይ ክር እየዘለለ ሲቆርጥ ዶልዱሟልና ቀይሩት። ማስመር ከሆነ ሰፈራችን የነበረው ልብስ ሰፊ ያለቀች ሳሙና ነበር የሚጠቀመው። ስስ፣ ጠርዟ የተሳለ። ጥቁር ጨርቅ ላይ ቁልጭ ብላ ትታያለች፣ ሲታጠብ ትጠፋለች። እዚህ ለዚሁ የሚሸጡትን ባለ አሥር ዶላር እርሳስ ገዝቼ አውቃለሁ። ወደ ሳሙናዬ ተመልሻለሁ።

ሦስቱን ድርብ ስታነጥፉ ገበሩ በየጎኑ በ10 ሳንቲ ሜትር ይትረፍ። በክር ወስውሱት፣ ወይም በየጡጫው ልክ መርፌ ቁልፍ ሰክታችሁ ያዙት። ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ዳር። ምንጣፍ ላይ ግን አታድርጉት። እኔ አድርጌ ሁሉንም ሰክቼ ስጨርስ፣ ላነሳው ስል ምንጣፉ አብሮ ተነሳ። ከወለሉ ጋር ሰክቼዋለሁ! ባለቤቴ እስከ ዛሬ ይተርክብኛል።

ጠርዙን ሌላ ቀን።

ከስድስቱ ሸሚዞች አምስቱን ቆርጫለሁ። ስድስተኛው እዚህ ፊቴ ተሰቅሏል። ውኃ ሰማያዊ ነው። አባቴ አስተማሪ ነበር፣ የደረት ኪሱ ላይ እስክሪብቶ ፈሶበታል። ሦስት ጊዜ አጥቤው አልለቀቀም። መጀመሪያ ኪሱን ፈትቼ ጨርቁን ብቻ ልወስድ ነበር፤ ትናንት ስተረትር ሐሳቤን ቀየርኩ። ከነኪሱ ነው የምቆርጠው፣ ከነቀለሙ። አንድ ካሬ ላይ መሃል ለመሃል ይገባል። የኪሱ ጠርዝ ግን አራት እጥፍ ጨርቅ ነው፣ 80 ቁጥር መርፌ ይሰበርበታል። ወፈር ወዳለው 90 እቀይራለሁ፣ መኪናዋንም እዚያ ጋ ስደርስ በእጄ አዞራታለሁ። የመርፌዋንም ቦታ አያለሁ። በሉ፣ ቻው።