ሲኒማ ቤቱ የሚያፈስበት ቦታ

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ? ከደሴ ነኝ። ከኋላዬ የሚሰማችሁ የማይክ ችግር አይደለም፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ነው። እስኪያባራ ልጠብቅ ብዬ ነበር፤ ግን የዛሬው ወሬ ስለዚሁ ስለሆነ ይሁን፣ አብረን እንስማው።

በልጅነቴ ክረምት ላይ ሲኒማ መግባት ማለት ግማሹን ፊልም ያለ ድምፅ ማየት ነበር። ዶፉ ሲጀምር ጣራው ከበሮ ይሆናል። ኦፕሬተሩ ድምፁን እስከ መጨረሻው ይከፍተዋል፣ ድምፅ ማጉያው ይንጫጫል፣ ቃል የሚባል ነገር አይለይም። ተነሥቶ የሚወጣ ግን የለም። ፊልሙ የህንድ ነው፣ ድሮስ ቋንቋውን የሚሰማ ማን ነበር? ማን እንደከዳ፣ ማን የአባቱን ደም እንደሚመልስ ከፊታቸው እናውቀዋለን። ዘፈኑ ላይ ዝናቡ ካባራ አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል፤ ለዘፋኟ ይሁን ለሰማዩ እንጃ።

እና ይኼ ሲኒማ ቤት ሊታደስ ነው። የወረቀቱ ጣጣ ስላላለቀ ስሙን አልጠራም። የሰፈሩ ልጆች ኮሚቴ አቋቁመናል፣ እኔንም ጎትተው አስገቡኝ።

ግንቡ ከጣሊያን ጊዜ ነው። ጣሊያን ደሴን ኅዳር 26 ቀን 1928 በአውሮፕላን ደበደባት፣ ሚያዝያ 7 ገባባት፣ ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ደግሞ ተባሮ ለቀቃት። በዚያች አምስት ዓመት ድንጋይና ኖራ ይዞ ብዙ ነገር ሠርቷል። ሲኒማም ሲያይ ግን ከሐበሻ ጋር ጎን ለጎን መቀመጥ አይፈልግም ነበር፤ የዘር ሕጉ መዝናኛውንም ይለያያል። እዚያው ከተማ ላይ ንጉሥ ሚካኤል ግብር የሚያበሉበት አዳራሽ ስሙ «አይጠየፍ» ነው። ሁለቱን ሳስብ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ፣ የሁሉም ከተማ ታሪክ ነው። በ1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ አዳራሹም ተወረሰ። ቪዲዮ ቤቶች አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ዴክ ይዘው መጡና ተመልካቹን ወሰዱት። ከዚያ መጋዘን ሆነ።

እኔ ማውራት የምፈልገው ስለ ማሽን ቤቱ ነው። ከበረንዳው ጀርባ፣ በጠባብ ደረጃ የሚወጣበት፣ ፊልም ማሳያው ማሽን የሚቆምበት፣ ወደ አዳራሹ የሚያሳዩ ትናንሽ ቀዳዳዎች ያሉት ክፍል። የሦስት ሰዓት የህንድ ፊልም፣ 35 ሚሊ ሜትሩ ተዘርግቶ ቢለካ ወደ 5 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ያ ሁሉ በክብ በክብ ቆርቆሮ ዕቃ ተከፋፍሎ፣ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ ጣራ ተጭኖ፣ ጣርማበርን አልፎ ይመጣል። መንገድ ላይ የተሰባበረውን ፊልም ኦፕሬተሩ ነው የሚቀጥለው። ጫፉን በምላጭ ይፍቃል፣ ማጣበቂያ ይቀባል፣ በአውራ ጣቱ ተጭኖ እፍ ይልበታል። በሰከንድ 24 ሥዕል ስለሚያልፍ ሦስቱ ቢጎድሉ ተመልካች አያውቅም።

የተቆረጡት ግን የእኛ ነበሩ! ከደረጃው ሥር እየለቀምን ቤት እንወስዳለን። የተቃጠለ አምፖል ሆዱን አውጥታችሁ ውኃ ትሞሉታላችሁ፤ ሌንስ ሆነ ማለት ነው። የጫማ ካርቶን ትበሳላችሁ፣ ፊልሟን ገልብጣችሁ ትሰኳታላችሁ። አንድ ልጅ ውጭ ፀሐይ ላይ መስታወት ይዞ ይቆማል፣ ጨረሩን በበሩ ስንጥቅ ወደ ካርቶኑ ይልካል። ግድግዳው ላይ የአንዲት ሴት ፊት ይወጣል፣ አይንቀሳቀስም፣ ጠርዙ ላይ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ልጁ እጁ ሲደክመው። መግቢያው አንድ ብይ። መስታወት ያዡ ሁሌ እኔ ነበርኩ፤ በዚህ በካርቶን ሲኒማችን ምንም ፊልም ሳላይ ነው ያደግሁት ማለት ይቻላል።

ወደ ኮሚቴው ልመለስ። የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ የቀረበው ሐሳብ ምን መሰላችሁ? ወለሉ ሴራሚክ፣ ጣራው ጂፕሰም፣ ግንቡ በሲሚንቶ ተለስኖ ቀለም። እኛ ጋ እድሳት ሲባል ሴራሚክ ነው። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፣ ተነሥቼ ተከራከርኩ። አዳራሽ ላይ ሴራሚክ ስታነጥፉ ድምፁ ከወለል ወደ ግድግዳ እየነጠረ ይደራረባል፤ ጣውላው የሚውጠውን እሱ ይመልሰዋል። ሲሚንቶውን ደግሞ የተቃወመው አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ነው። «በኖራ የተሠራ ግንብ ይተነፍሳል፤ ሲሚንቶ ከለበጣችሁበት እርጥበቱ መውጫ ያጣና ድንጋዩን ከውስጥ ይበላዋል» አለ። ተንጫጩበት እንጂ አልመለሱለትም።

አንድ ነገር ላይ ብቻ ተስማማን፣ መጀመሪያ ማፍሰሱ ይቁም። ማሽን ቤቱ ጥግ ላይ ግድግዳው ጠቁሯል፣ ሻግቷል። ሦስት ጊዜ ቆርቆሮ ተቀይሯል፣ ምስማሩ ሁሉ ተደፍኗል፣ አሸንዳው ታድሷል። ያፈሳል።

ባለፈው ሳምንት የድሮውን ኦፕሬተር ይዤያቸው ሄድኩ። ስማቸውን የሚጠራ የለም፣ ዛሬም ሰው ሁሉ «ጋሼ ኦፕሬተር» ነው የሚላቸው። ደረጃውን ልደግፍዎት ብላቸው «አብሽር፣ እግሬ ያውቀዋል» ብለው በጨለማ ቀደሙኝ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። የት! ዙሪያውን አዩና «ጭስ መውጫው የታለ?» አሉኝ።

የምን ጭስ መውጫ?

ለካ ያኔ የማሽኑ መብራት አምፖል አልነበረም። ሁለት የካርቦን ዘንጎች ጫፍ ለጫፍ ይቀራረቡና በመሀላቸው ኤሌክትሪክ ይነድዳል፣ ብየዳ ቤት የምታዩት ዓይነት ብርሃን። ጭሱ ደግሞ ሰው ይገድላል፤ ስለዚህ ከማሽኑ ራስ ላይ ቧንቧ ተነሥቶ በግንቡ ውስጥ ወደ ውጭ ይወጣል። ማሽኑ ሲነሣ ቧንቧውም ተነቀለ፣ የውስጡ አፍ በልስን ተሸፈነ፣ የላዩን ማንም አላስታወሰም። በምርኩዛቸው ያችን ጥቁር ጥግ ሁለቴ ቆረቆሩ። ልስኑ ወደቀ። ቀዳዳው ክብ ነው፣ ጥቀርሻው አሁንም በውኃ ርሶ ይንጠባጠባል።

እኛ ጣራ ስንቀይር የኖርነው ለዚህ ነው።

ላሜራ ሠሪው ማክሰኞ ይመጣል። «በሲሚንቶ ልድፈነው?» ብሎ ደውሎልኝ ነበር። ጋሼ ኦፕሬተር አጠገቤ ናቸው፣ ስልኩን ተቀበሉኝና «እንዳትደፍነው ልጄ፣ ቆብ ሥራለት» አሉት።

ዝናቡ አባርቷል መሰለኝ።