አንዱ ነው ወይስ ሁለቱም? የአውሮፕላን ሞተር ሲጠፋ

[ምስል፦ ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል፣ ማለዳ]

ከጀርባዬ የምታዩዋቸው ግዙፍ ወፎች አባ ኮዳዎች ናቸው፤ ዓሣ አስጋሪዎቹ የሚጥሉትን ትራፊ ይጠብቃሉ። እዚህ ያቆመኝ ምክንያት አለ። የአውሮፕላን ሞተር ጠፋ በተባለ ቁጥር ሁላችንም «ወፍ ገብቶበት ነው»፣ «ነዳጅ አልቆበት ነው» እንላለን። መገመት ክፉ አይደለም። ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ፦ የጠፋው አንዱ ሞተር ነው ወይስ ሁለቱም?

የግራና የቀኝ ሞተር ሆን ተብሎ ተለያይተው የተሠሩ ናቸው። እያንዳንዱ የራሱ ነዳጅ ፓምፕ፣ የራሱ ዘይት አለው። አንዱ ብቻ ከቆመ መጀመሪያ እዚያው ውስጥ ፈልጉ፦ የተሰነጠቀ ምላጭ (በሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከረው ስስ ክንፍ)፣ ያለቀ ኩሽኔታ (የሚሽከረከረውን ዘንግ የሚደግፈው)፣ የፈሰሰ ዘይት። ሁለቱም አብረው ከቆሙ ግን የሚጋሩትን ነገር ነው የምትጠረጥሩት፤ አየሩንና ነዳጁን።

[ምስል፦ ርግቦች ከመሬት ሲነሡ]

መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 የርግብ መንጋ ገጠመው። ሁለቱም ሞተሮች ርግብ ዋጡ። አንዱ ወዲያው ኃይል አጣ፤ ሌላው ለማረፍ ሲመለስ ከዳው። በውስጡ ከነበሩት 104 ሰዎች 35ቱ አለፉ። ርግብ እኮ ናት፣ አባ ኮዳ አይደለችም! ሞተሩ የሚሠራው አየር በመጭመቅ ነው፤ ምላጮቹ ከተጣመሙ የአየሩ ፍሰት ይታወካል፣ ኃይሉም ይጠፋል።

ነዳጁስ? እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 17 ቀን 2008 ከቤጂንግ የመጣ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ቦይንግ 777 ለንደን ሂትሮው ሊያርፍ ሲል ሁለቱም ሞተሮች በ7 ሰከንድ ልዩነት ደከሙ። አስፋልቱ ላይ ሳይደርስ ሣር ላይ ወደቀ፤ የሞተ ሰው ግን የለም። ነዳጅ አላለቀበትም፣ ከ10 ቶን በላይ ነበረው። በረዥሙ በረራ ነዳጁ ከዜሮ በታች እስከ 34 ዲግሪ ቀዝቅዞ ነበር። በነዳጅ ውስጥ የማይጠፋው ጥቂት ውሃ በረዶ ሆኖ ቱቦው ላይ ተለጠፈ፤ ነዳጁ በኃይል ሲፈስ ተነቅሎ ነዳጁ ወደ ሞተሩ ሲሄድ የሚያልፍበትን ማሞቂያ ደፈነው። መርማሪዎች ሲደርሱ ማስረጃው ቀልጧል። በረዶ እየሠሩ ደጋግመው ሞከሩ፤ የመጨረሻው ሪፖርት የወጣው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው።

[ምስል፦ የነዳጅ ማሞቂያው፣ በቅርበት]

በማሞቂያው ፊት ለፊት ጥቂት ሚሊሜትር ወጣ ብለው በረዶውን ይይዙ የነበሩት የቱቦ ጫፎች በአዲሱ ንድፍ ከፊቱ ጋር እኩል ተደረጉ።