የደንብ ልብስ ብቻውን አይበቃም፦ በ50 ዓመት ከጡረታ ቁጠባ ቅጣት ነፃ የሚሆኑት የትኞቹ ሠራተኞች ናቸው?

ውድ ተመልካቾች፣ በአሜሪካ የግብር ሕግ 59 ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላው ከጡረታ ቁጠባው ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ከመደበኛው የገቢ ግብር ሌላ 10 በመቶ ቅጣት ይከፍላል። 55 ዓመት በሚሞላው ዓመት ወይም ከዚያ ወዲህ ሥራውን የለቀቀ ሰው ግን በዚያው መሥሪያ ቤት ካጠራቀመው ሲያወጣ ቅጣቱ ይቀርለታል። ለሕዝብ ደኅንነት ሠራተኞች ይህ ዕድሜ ወደ 50 ዝቅ ይላል፤ በታኅሣሥ 2022 እ.ኤ.አ. በጸደቀው ማሻሻያ መሠረት ደግሞ በዚያ የጡረታ ዕቅድ 25 ዓመት አገልግሎ የለቀቀ ሰው 50 እስኪሞላው መጠበቅ የለበትም።

በስቴት፣ በካውንቲና በከተማ ደረጃ በዚህ የሚጠቀሙት ፖሊሶች፣ የእሳት አደጋ ተከላካዮችና የድንገተኛ ሕክምና ሠራተኞች ሲሆኑ፣ የማረሚያ ቤት ጠባቂዎች የተጨመሩት በዚሁ ማሻሻያ ነው። ከፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች መካከል ሕግ አስከባሪዎች፣ የጉምሩክና የድንበር ጥበቃ ኦፊሰሮች፣ የእሳት አደጋ ተከላካዮች፣ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች፣ የካፒቶል (የአሜሪካ ምክር ቤት ሕንፃ) እና የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፖሊሶች እንዲሁም ጥቂት ሌሎች ተዘርዝረዋል። በአየር ማረፊያ መንገደኛና ሻንጣ የሚፈትሹት ሠራተኞች ግን የደንብ ልብስና ባጅ ቢኖራቸውም ከዝርዝሩ ውስጥ የሉም። በግል አምቡላንስ ኩባንያ የሚሠራ የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያም አሠሪው መንግሥት ስላልሆነ አይካተትም፤ በግል ድርጅት የተቀጠረ የእሳት አደጋ ተከላካይ ግን ከ2022 ወዲህ ተካቷል። ልዩነቱ ለምን እንዳስፈለገ ለእኔ ባይገባኝም ሕጉ የሚለው ይህንኑ ነው።

ሥራው ከዝርዝሩ ውስጥ ለሆነ ሰው እንኳ ገንዘቡ የተቀመጠበት ሂሳብ ወሳኝ ነው። በ51 ዓመቱ ሥራ የለቀቀ የካውንቲ እሳት አደጋ ተከላካይ ከካውንቲው የጡረታ ዕቅድ በቀጥታ 40,000 ዶላር ቢያወጣ የሚጠየቀው የገቢ ግብሩን ብቻ ነው። ያንኑ ገንዘብ አስቀድሞ በግሉ ወደ ከፈተው አይአርኤ ወደሚባል የጡረታ ቁጠባ ሂሳብ አዛውሮ ከዚያ ቢያወጣው ግን መብቱ አብሮት ስለማይሻገር 4,000 ዶላር ቅጣት ይጨመርበታል፤ ስለዚህ ሂሳቡን ለማዛወር መቸኮል አይገባም።

ዓመቱ ካለቀ በኋላ ከዕቅዱ አስተዳዳሪ የሚላከው፣ ያወጡትን ገንዘብ የሚገልጸው ቅጽ 1099-አር ሲደርስዎ ሣጥን 7ን ይመልከቱ። ቁጥር 2 ከተጻፈበት አስተዳዳሪው ከቅጣት ነፃ መሆንዎን አውቆታል ማለት ነው። ቁጥር 1 ከሆነና መብቱ ካለዎት፣ ከግብር ማስታወቂያዎ ጋር የዚህ ቅጣት ማስታወቂያ የሆነውን ቅጽ 5329ን ሞልተው የነፃነቱን መለያ ቁጥር 01 ያስገባሉ።